ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም

ባል ቢሞት ሚስት ትወርሳለች፣ ሚስት ብትሞት ባል ይወርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። የተማረውም፣ ነጋዴውም፣ ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረውም እንደዚያ ያስባል። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከቀብር በኋላ፣ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ሊናዘዝ የሚችለው ሰው የለም።

ስለ ኑዛዜ ሲነሳ «አታሟርት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይገባኛል። ግን ኑዛዜ የሽማግሌና የሕመምተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ገና ቤት ለሚመሠርት ሰው ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል።

ዝም ካልን ማን ይወርሳል?

ውርስን የሚገዛው ዋናው ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ኑዛዜ ካልተገኘ ሕጉ ራሱ ወራሾችን በተራ ይጠራል። መጀመሪያ የሚጠሩት ልጆች ናቸው። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ፣ በትዳር የተወለደ ከትዳር ውጭ የተወለደ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ልጆች ትቶ ከሆነ፣ እነሱ በአባታቸው ወይም በእናታቸው ቦታ ገብተው ድርሻውን ይወስዳሉ። የተፀነሰ ልጅም በሕይወት ከተወለደ ይወርሳል።

ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ እናትና አባት ይጠራሉ። ከሁለቱ የሞተ ካለ በቦታው ልጆቹ፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች ይገባሉ። ቀጥሎ አያቶች፣ ቀጥሎ ቅድመ አያቶች ከነተወላጆቻቸው ይመጣሉ። ማንም ካልተገኘ ንብረቱ ለመንግሥት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ተራ ውስጥ ባልና ሚስት የሉም።

ታዲያ ሚስት ባዶ እጇን ትወጣለች ማለት ነው? አይደለም። ጋብቻው በሞት ሲፈርስ የጋራው ሀብት ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ድሮም የእሷ ነው፤ ከማንም አልወረሰችውም። ለወራሾች የሚከፋፈለው የባልየው ግማሽና የግል ሀብቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቱ የጋራ፣ የቱ የግል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የራሳቸውን አውጥተዋል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ ቢሆንም ለአንዱ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረትም የግል ነው። ከጋብቻ በኋላ በደመወዝና በንግድ የተገኘው ግን የጋራ ነው። የግል ቤት ተከራይቶ የሚያስገባው ኪራይ እንኳ የጋራ ነው። ክርክር ከተነሳ ንብረቱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻውን የግል አያደርገውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ገና የተጋቡ፣ ልጅ ያልወለዱ

አስቡት። አንድ ወጣት ሳያገባ በፊት ቤት ገዝቶ ዋጋውን ጨርሶ ከፍሏል። አገባ፤ ሚስቱ እዚያው ገባች። ዓመት ሳይሞላቸው በመኪና አደጋ ሞተ። ቤቱ የግል ሀብቱ ስለሆነ፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ለእናትና ለአባቱ ይሄዳል። የምትኖርበት ቤት የአማቶቿ ሆነ ማለት ነው። ደግ አማት ካላት ትቆያለች፤ ያውም የሰው ፊት እያየች። ደግ ካልሆኑ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ሁለቱም ሠርተው በጋራ የገዙት ቤት ከሆነ ደግሞ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የወላጆቹ ይሆናል። ከአማት ጋር የጋራ ባለቤት ሆኖ መኖር ለማንም ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ኑዛዜ ይለውጠዋል። ልጅ የሌለው ሰው ሀብቱን ለሚስቱ መናዘዝ ይችላል። ወላጆቹንም መርዳት ከፈለገ «ይህን ያህል ለእናቴ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ለዚህ ነው ኑዛዜ ከሁሉ በላይ ለአዲስ ተጋቢዎች ያስፈልጋል ያልኩት። ልጅ ያላቸው ሰዎች ንብረት ቢያንስ ወደ ልጆቻቸው ይሄዳል። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ግን አንዱ ለሌላው ምንም ሳይተው ሊለያዩ ይችላሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። በፍቅር ተነሳስተው «እኛ ባልና ሚስት…» ብለው የሚጀምሩ አሉ። ሕጉ ይህን አይቀበልም። እያንዳንዱ ለየብቻው፣ በየራሱ ወረቀት ይናዘዝ።

ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ ነገሩ ይብሳል። እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚባለው ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ ነው። መኖሩን በምስክር ማስረዳት አለ፣ መቼ እንደተጀመረ መከራከር አለ። ከሟች ቤተሰብ ወገን «የቤት ሠራተኛው ነበረች» እስከማለት የሚደርስም አይጠፋም። እንደዚህ ለሚኖሩ ሰዎችም ኑዛዜ ግድ ነው።

ትንንሽ ልጆች ሲኖሩ

ሦስት ልጆች ያሏት እናት ባሏ ቢሞት፣ የጋራ ቤታቸው ግማሽ የእሷ ነው። የቀረው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላል፤ እያንዳንዳቸው የቤቱን አንድ ስድስተኛ ይይዛሉ። ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሆኖም የልጆቹን ድርሻ እንደ ራሷ ንብረት ቆጥራ መሸጥ አትችልም። ብዙ እናቶች የሚያዝኑት «ሠርቼ ያቆምኩት ቤት የእኔ አይደለም ወይ?» ብለው ነው። ግማሹ የእሷ ነው። የቀረው የልጆቿ ነው።

ይበልጥ የሚያስፈራው ሁለቱም ወላጆች የሚሞቱበት አጋጣሚ ነው። ልጆቹን ማን ያሳድግ? ገንዘባቸውን ማን ይያዝ? ወላጅ በኑዛዜው አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም ይችላል። ካልሰየመ ሕጉ ወደ አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ ወደ አጎትና አክስት ይሄዳል። አያቶቹ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ይሆናል። አጎትየው ልጅ ማሳደግ የማይችል ሰው ይሆናል። የልጆቹን ጠባይ የምታውቅ፣ የሚወዷት አክስት ካለች ስሟን በወረቀት ማስፈር ለልጆቹ ከገንዘብ በላይ ይጠቅማቸዋል። ከመጻፍ በፊት ግን እሷን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ከኑዛዜ ውጭ የሚያልፍ ገንዘብም አለ። ተጠቃሚው በስሙ የተጠቀሰበት የሕይወት ኢንሹራንስ ከውርሱ ጋር አይቀላቀልም፤ በቀጥታ ለተጠቀሰው ሰው ይከፈላል። ለተተኪዎች የሚከፈል ጡረታም የውርስ ሀብት አይደለም። የዕድር ክፍያ በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። ስለዚህ በኢንሹራንስ ወረቀታችሁ ላይ የማን ስም እንዳለ ዛሬውኑ እዩት። ያላገባችሁ ሳላችሁ የሞላችሁት ከሆነ የወንድማችሁ ስም እዚያው ተቀምጦ ይሆናል።

ሁለተኛ ትዳር፣ የውጭ ልጅ፣ ያሳደግናት ልጅ

ትዳር ፈርሶ ሌላ ትዳር ሲመሠረት የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ልጆች እኩል ወራሾች ናቸው። እንጀራ ልጅ ግን ወራሽ አይደለም። የሚስቱን ልጅ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገ አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ልጅቷ ከእሱ ምንም አትወርስም። በዘመድ ልጅም እንደዚያው ነው። በአገራችን የእህቱን ወይም የወንድሙን ልጅ ከገጠር አምጥቶ ያሳደገ፣ ያስተማረ፣ የዳረ ስንት ሰው አለ። ልጅቷ «አባዬ» እያለች ታድጋለች፤ ትምህርት ቤትም በእሱ ስም ትጠራለች። ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ግን በሕግ ልጁ አይደለችም። አሳዳጊዋ ሲሞት በለቅሶ ቤት አይተዋት የማያውቁ የአጎት ልጆች መጥተው ቤቱን ይረከባሉ። ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መፍትሔው ቅርብ ነው። ወይ ጉዲፈቻውን በፍርድ ቤት ማጸደቅ፣ ወይ መናዘዝ። በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደ ልጅ ጋር እኩል ይወርሳል።

ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ያለው አባት ደግሞ በሕይወት እያለ አባትነቱን ይቀበል። በኑዛዜም ቢሆን መቀበል ይቻላል። ሳያደርገው ከሞተ ልጁ በሐዘን ቤት አባቱን ለማስመስከር ይንከራተታል፤ ወንድሞቹም በድንገት ሌላ ወንድም ይመጣባቸዋል። ሁለቱም ወገን ይጎዳል።

አሮጌ ኑዛዜ ላይም ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደና ልጁ ውርሱን ከተቀበለ በኑዛዜው የተሰጡ ስጦታዎች ውድቅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናቸው ይችላል። ለሚስት ወይም ለባል የተናዘዙት ደግሞ በፍቺ ከተለያዩ ቀሪ ይሆናል፣ ማለትም ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ፣ ሲጋቡ፣ ሲፋቱ ኑዛዜን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ኑዛዜ በማንኛውም ጊዜ ሊሻርና ሊለወጥ ይችላል።

በእናት ስም የተሠራ ቤት

ጅዳ ወይም ቤይሩት አሥር ዓመት የሠራች እህት ገንዘቧን ለእናቷ ትልካለች። እናት ቤት ትሠራለች፤ ካርታው በእናት ስም ይወጣል። ሁሉም «የእሷ ቤት ነው» እያለ ይኖራል። እናት ስትሞት ግን ሕጉ የሚያየው ካርታውን ነው። ቤቱ የእናት ውርስ ስለሆነ ለአምስቱ ልጆች እኩል ይካፈላል። ጉልበቷንና ወጣትነቷን የከፈለችው ልጅ ከአምስት አንድ ትሆናለች። በወንድም ስም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ወንድም ሲሞት ወራሾቹ የእሱ ልጆች ናቸው። ሚስቱም «የጋራ ሀብታችን ነው» ልትል ትችላለች።

የተሻለው መንገድ ከመጀመሪያው በራስ ስም መግዛት ነው፤ በኤምባሲ በኩል ለዘመድ ውክልና ሰጥቶ ማስገዛት ይቻላል። ያ ካልሆነ እናት በሕይወት እያለች ስጦታ ወይም ኑዛዜ በሕጋዊ መንገድ ትጻፍ። የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞችና የባንክ ወረቀቶችም አይጣሉ።

ስለ ውክልና ሌላም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ወንድሜ ሙሉ ውክልና ስላለው ብሞትም እሱ ይጨርሰዋል» ይላሉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ወንድምየው ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት ቤት ቢሸጥ ክርክር ውስጥ ይገባል።

ሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው ሁለት ሕግ ይገጥመዋል። በእስራኤል ሕግ ለምሳሌ ኑዛዜ ባይኖርም፣ ልጆች ቢኖሩም፣ ሚስት ወይም ባል ግማሹን ይወርሳሉ። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶችም ለባልና ሚስት ድርሻ ይሰጣሉ። የጡረታ ቁጠባና የሕይወት ኢንሹራንስ ደግሞ እዚያ ኑዛዜ ሳይሆን በፎርሙ ላይ የተሞላው የተጠቃሚ ስም ይገዛቸዋል። ይህን የለመደ ሰው አዲስ አበባ ያለው ቤቱም እንደዚያው የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ለአዲስ አበባው ቤት በአገር ቤቱ ሕግ የተዘጋጀ ኑዛዜ ቢኖረው ይሻላል። ልጆቹ የሌላ አገር ዜጎች ከሆኑ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን ማለት ነው፣ ቀድመው ቢያወጡ ኋላ ሩጫው ይቀንሳል።

የሚጸና ኑዛዜ እንዴት ይጻፋል?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ፣ በቃል የሚነገር። በፍርድ ቤት የሚፈርሱ ኑዛዜዎች ብዙ ጊዜ የሚፈርሱት በሐሳባቸው ሳይሆን በአጻጻፋቸው ጉድለት ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

በግልጽ የሚደረገውን ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። «በአራታችን ፊት ተነበበ» የምትለው አረፍተ ነገር ስለቀረች ብቻ ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙዎቻችን ውልና ማስረጃ ወደምንለው መሥሪያ ቤት መሄድ ስለዚህ ነው የሚመከረው። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን። ወጣት ምስክሮችም ምረጡ፤ ከተናዛዡ በፊት የሚሞት ምስክር አይጠቅምም።

በተናዛዡ እጅ የሚጻፈው ምስክር አይፈልግም። ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር። ይህ ርካሽና ምስጢሩን የሚጠብቅ መንገድ ነው። አንድ ወጥመድ አለው፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። ቁምሳጥን ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ ወረቀት አይጸናም ማለት ነው።

በቃል የሚነገረው ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ወሰኑ ጠባብ ነው። ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ ለልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎች መስጠት ይችላል። 500 ብር በ1952 ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምንም አይገዛም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይቀራል። አልጋ ላይ ሆኖ «ቤቱ ለታናሽ ልጄ ይሁን» ያለ አባት ንግግሩ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ቤቱን ግን አያስተላልፍም።

ልጅን ከውርስ መንቀልም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ልጁን የነቀለ ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ አለበት። ምክንያቱ በቂ መሆኑን ዳኛ ይመዝናል። ሁሉን ሀብት ለሌላ ሰው መናዘዝ ብቻውን ልጅን አይነቅልም። ለልጆች አበላልጦ መስጠት ይቻላል፤ ይሁንና ከሕጋዊ ድርሻው ከሦስት አራተኛ በታች የደረሰው ልጅ እንዲስተካከል ሊጠይቅ ይችላል። የታመመች እናቱን ሲያስታምም ለኖረ ልጅ ትንሽ ጨምሮ መስጠት ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ በለሰለሰ ቃል ማስረዳት ደግሞ ወንድማማቾችን ከመቀያየም ያድናል።

ሙስሊም ቤተሰቦች

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 ተቋቁመው ውርስ ያያሉ። እዚያ ሚስት ወራሽ ናት። ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለ አንድ አራተኛ ታገኛለች። ባል ልጅ ካለ አንድ አራተኛ፣ ከሌለ ግማሽ። ኑዛዜ ከሀብቱ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ካልፈቀደ ግን ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ በሃይማኖቱ መሠረት እንዲካፈል የሚፈልግ ሰው በሕይወት እያለ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ ቢስማማ ጥሩ ነው።

ከሞት በኋላ ያለው ጊዜ

ዕዳ ከውርሱ ይከፈላል። ሟች የተበደረው ከንብረቱ በላይ ከሆነ ልጆች ከኪሳቸው እንዲከፍሉ አይገደዱም፤ ለዚህ ግን ውርሱ በሥርዓት መጣራት አለበት። ባንክ ሒሳቡን የሚለቀው፣ ካርታም በወራሾች ስም የሚዛወረው የወራሽነት ማስረጃ ሲቀርብ ነው።

በእኛ ባህል ተዝካር ሳይወጣ ስለ ንብረት ማንሳት ያሳፍራል። መከባበሩ ጥሩ ነው። ግን ሕጉ ጊዜ ይቆጥራል። ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ተቃዋሚው ይርጋ፣ ማለትም «የክሱ ጊዜ አልፏል» የሚል መከራከሪያ፣ ሊያነሳበት ይችላል። ታላቅ ወንድም በአባት ቤት ተቀምጦ «እንነጋገራለን» እያለ ሦስት ዓመት በቀላሉ ያልፋል። መካፈሉ ቢቆይ እንኳ ሁሉም ልጆች አብረው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ቤቱ በጋራ ስማቸው እንዲመዘገብ ማድረግ ይችላሉ።